ለሰርግ ያልተጠራችው አክስት

ሚስቴ ለእናቷም ለአባቷም አንድ ናት። ወንድም የላት፣ እህት የላት። የወንድሞቼ ልጆችም ቢሆኑ «የአጎታችን ሚስት» ነው የሚሏት። ታዲያ ከእሷ ጋር መንገድ ስሄድ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጃገረዶች ከወዲያ ማዶ ሆነው «አክስቴ፣ ደህና ነሽ?» ሲሏት፣ አብሮን ያለ ሰው ግራ ይገባዋል። «መቼ ነው ይህን ሁሉ ዘመድ ያፈራችው?» የሚለኝ አለ። መልሱ ረጅም ስለሆነ ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ልጻፈው።

ሚስቴ ነርስ ናት። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ትሠራለች። እኔ አናጢ ነኝ፤ ጤና ጣቢያው በር ሲሰበርበት ወይም ወንበር ሲላላበት ይጠራኛል። ስለዚህ ከምጽፈው ገሚሱን በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ገሚሱን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ነግረውኛል፤ ጻፈው ያሉኝም እነሱ ናቸው። ሚስቴ የነገረችኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። የክፍሏን ነገር ቤት ይዛ አትመጣም። ገና እንደተጋባን «ዛሬ ማን መጣ?» ስላት «ሰው» ትለኝ ነበር። «ምን ፈልጎ?» ስላት «ጤና።» እየቆየሁ መጠየቁን ተውኩት።

ያኔ ክፍሏ ከዋናው መግቢያ ፊት ለፊት ነበር። በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የቤተሰብ ምጣኔ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከበሩ ትይዩ እኔ የሠራሁት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ልጅ ለማስከተብ የመጡ እናቶች፣ የደም ግፊት የሚለኩ አሮጊቶች፣ ምንም ሳያማቸው ወሬ የሚለቅሙም እዚያ ይቀመጣሉ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ማን እንደገባ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ሲወጣ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያያል። ብዙ የወለዱት ባለትዳሮች ግድ የላቸውም፤ ልጅ አዝለው ይገባሉ፣ እየሳቁ ይወጣሉ። ልጃገረዶችና ገና ያገቡት ግን ዝር አይሉም ነበር። እነሱ የሚመጡት ማዋለጃ ክፍል ነው፤ ትምህርታቸውን ጥለው፣ ዓይናቸው ፈጥጦ። ሚስቴን የሚያንገበግባት ይህ ነበር። «እኔ ጋ ሳይመጡ እዚያ ይደርሳሉ» ትላለች። ከዚህ በላይ አትናገርም።

አንድ ቀን የመስኮቱን መስታወት እየቀየርኩ ሳለ የተማሪ ልብስ የለበሰች ልጅ መጥታ ሰሌዳውን ቆማ ታነባለች። ታነባለች፣ ሄድ ትላለች፣ ትመለሳለች። ሚስቴ ወጣች።

«ማንን ፈለግሽ የኔ እህት?»

«ማንንም።»

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚህ የሚመጣው ቤተሰብ ይዞ ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ጽሑፉ። የቤተሰብ ይላል። እኔ ደግሞ ቤተሰቤ እንዲያውቅ አልፈልግም።»

ሚስቴ ስቃ ልታስገባት እጇን ስትዘረጋ፣ ከአግዳሚው ላይ አንዷ እህ እህ ብላ ሳለች። ልጅቷ ደንግጣ ሄደች።

ያን ዕለት ራት ላይ ሚስቴ ድንገት «ቤተሰብ ስልህ መጀመሪያ ማን ይመጣልሃል?» አለችኝ።

«እናትና አባቴ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ቆየት ብለሽ ትመጫለሽ።»

ኮስተር ትላለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጠረጴዛውን መታ አደረገችው። «ተመልከት እንግዲህ። ስንት ዓመት ሙሉ በሬ ላይ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ኑ ብዬ ጽፌ ተቀምጫለሁ። ልጆቹ እኮ አንብበው ነው የሚመለሱት። የሚያነቡትን እኔ ነኝ ያላነበብኩት።»

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ደግ ሰው ነው፤ ግን የሰው አፍ ይፈራል። «ሰሌዳው ከላይ ነው የመጣው፤ አንዲት ፊደል አይነካም» አላት። እሷም «ሰሌዳው ባለበት ይሁን፤ እኔ ልንቀሳቀስ» አለችው። ከጀርባ፣ በላቦራቶሪውና በልብስ ማጠቢያው መካከል፣ የተሰበረ አልጋ የሚከማችበት ክፍል ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ በሚለቀቅበት ጊዜ፣ እዚያ እንድትሠራ ለመነችው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ካሰኛት በኋላ እሺ አለ። አልጋዎቹን አወጣን። አሮጌውን በር ነቅዬ ወደ መተላለፊያው የሚከፈት አዲስ በር ገጠምኩ። በዚያ የሚያልፍ ሰው ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ፣ ወደ እሷ ይግባ፣ ማንም አያውቅም። በሩ ላይ ምን እንደምጽፍ ስጠይቃት «ቁጥር ብቻ» አለች።

አንድ ነገር ግን ዘንግተን ነበር፤ የግቢውን ዘበኛ። ጋሼ ዘበኛ «ወዴት ነው?» ሳይል ዝንብ አያሳልፍም። ሰሌዳ የሌለው ክፍል ደግሞ ምን ተብሎ ይጠራል? የመጀመሪያዋ ልጅ በሩ ላይ ምላሷ ተሳሰረና «አክስቴ ጋ» አለች።

«አክስትሽ ማን ናት?»

«ሲስተሯ።»

የሲስተርን ዘመድ ማን ያስቆማል? አለፈች። ለጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋ ለጓደኛዋ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ጋሼ ዘበኛ ቆቡን አውልቆ ወደ ሚስቴ ቀረበ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባትዎ ስንት ሚስት ነበራቸው?»

«ምነው ጋሼ?»

«የእህትና የወንድም ልጆችዎ በዙብኝ። አንዷ ሌላዋን አታውቃትም። መልካቸውም አይገጥም።»

ሚስቴ ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች። «ጋሼ፣ ዘመድ በዛ ተብሎ በር ይዘጋል?»

«እሱስ አይዘጋም።»

ሞኝ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ የምታመነታ ልጅ ሲያይ ቀድሞ «አክስትሽ ጋ ነው? ግቢ፣ አለች» ማለት ጀመረ። ስሙ ያኔ ጸደቀ።

ከእነዚህ «የእህት ልጆች» አንዷ ገና ያገባች ልጅ ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ የታክሲ ሹፌር ነው። እሷ የኤሌክትሪክ ሥራ ትማራለች፤ የመጨረሻው የተግባር ፈተና ደርሶባታል። እስክትመረቅ ልጅ እንዳይወልዱ ከባሏ ጋር ተስማምተዋል። የሚኖሩት ግን ከእናቱ ጋር ነው።

እናቱን ሰፈሩ የሚያውቃት «ባለሜትሯ» በሚል ስም ነው። ጨርቅ ቤት አላት። ብርቱ ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን በዚያ ሱቅ አሳድጋለች። ጨርቁን ስትለካ ሰውየውንም አብራ ትለካለች ይባላል። የልጅ ልጅ ለማየት ችኩል ከመሆኗ የተነሳ ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ ለሕፃን የሚሆን ጨርቅ ለይታ ታስቀምጥ ነበር።

አንድ ማታ ምራቷን «ምነው ዘገየሽ?» ብትላት ልጅቷ ከልማድ «አክስቴ ጋ ጤና ጣቢያ ጎራ ብዬ ነው» ብላ አረፈች። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

«የቷ አክስትሽ?»

«ሲስተሯ።»

ባለሜትሯ ሌላ ነገር አልጠረጠረችም። የጠረጠረችው ከዚያ የባሰ ነው፤ በራሷ ላይ የመጣ ውርደት። የሰርጉን ጥሪ የመራችው እሷ ናት። የልጅቷን ዘመድ አዝማድ ከቅርብ እስከ ሩቅ አስቆጥራ፣ ማንም እንዳይቀር ብላ፣ አስጠርታለች። እንዴት ነርስ የሆነች አክስት፣ እዚሁ ሰፈር እያለች፣ ሳትጠራ ቀረች? ይህን ያህል ጊዜ ምን ስትለን ቆይታ ይሆን? ምራቷ «ግድ የለም፣ አትቀየምም» እያለች ብትለማመጣት ጭራሽ ባሰባት። «ያልተቀየመችማ መጥታ ትጠይቀን ነበር» አለች።

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ፣ የክት ልብሷን ለብሳ፣ አንድ ቅርጫት ብርቱካንና ከሱቋ የመረጠችውን ሻርፕ ይዛ ጤና ጣቢያ መጣች።

«ወዴት ነው እትዬ?» አለ ዘበኛው።

«የምራቴ አክስት ጋ።»

ጋሼ ዘበኛ ለልጃገረዶች እንጂ ለአማት የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም። ቅርጫቱን ተሸክሞ እየመራ አመጣት። እኔ ከክፍሉ ውጭ የመደርደሪያ ሳንቃ እየላግሁ ነበር።

«እንደምን ዋሉ» አለች ባለሜትሯ በሩ ላይ እጅ እየነሳች። «የልጄ ሚስት አክስት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ጥፋታችን ብዙ ነው። ለሰርጉ ሳንጠራዎት ቀረን።»

ሚስቴ ብርቱካኑን አየች፣ ሴትየዋን አየች። «ይቀመጡ እትዬ።»

«ይቅር እስኪሉኝ አልቀመጥም።»

«እኔን ያስቀየመኝ ነገር የለም። ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። ትንፋሽዋን ሰብስባ «በእናት ነው በአባት?» አለች።

«ምኑ?»

«ዝምድናው። የእናቷን እህቶች ሁሉ አውቃለሁ። የአባቷ እህት ያው አንዷ ናት፤ ሰርጉ ላይ ከፊት ተቀምጣ ነበር። እርስዎ በየት በኩል ነዎት?»

እኔ መላጊያዬን አቆምኩ። «በአባት» ብትል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ሚስቴ ግን ውሸት አይሆንላትም፤ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል። «እኔ በሥራ በኩል ነኝ» አለች።

ባለሜትሯ ክፍሉን ማየት ጀመረች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን እንክብል፣ ከክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ለማሳየት የተቀመጠውን የፕላስቲክ ክንድ አየች። አስረጂ አላስፈለጋትም።

«ምራቴ እዚህ ምን ትወስዳለች?»

«እትዬ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ሌላ ሰው አይወራም።»

«እኔ ሌላ ሰው ነኝ? አማቷ እኮ ነኝ።»

«እርስዎ አማቷ ነዎት። እሷ ደግሞ እሷ ናት።»

ባለሜትሯ ተነሳች። «ብርቱካኑን መልሼ አልወስድም፤ ከእጄ ወጥቷል። ሻርፑን ግን እወስዳለሁ» ብላ፣ ሻርፑን አጣጥፋ ይዛ፣ እሳት ጎርሳ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አልሆነም። ኃላፊው ሚስቴን ጠራት። ሰኞ የሰፈር ተወካዮች የሚሰበሰቡበት ቀን ስለነበር፣ እስከዚያ መልስ ስጪኝ አላት። «ያገባች ከባሏ፣ ያላገባች ከቤተሰቧ ጋር ትምጣ ብንል ምናለበት? እኛም ከወሬ እንድናለን።»

«እንደዚያ ከሆነ መርፌ ክፍል ውሰደኝ» አለችው። «ባዶ ክፍል ጠባቂ አልሆንም።»

ባለሜትሯም ቤቷ ገብታ ለምራቷ ቁርጡን ነገረቻት። እዚያ ምን እንደምትሠራ እስክትናገር ድረስ ትምህርት ቤት የለም። ልጇ በመሃል ሊገባ ቢሞክር «አንተ መሪህን ያዝ» አለችው፤ ያዘ። ልጅቷ ተሸሽጋ ወደ ሚስቴ መጣች።

«አክስቴ፣ ፈተናዬ ሊያልፈኝ ነው። ራስ ምታት አሟት ነው የምትመጣው በያት።»

«አልልም።»

«አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«የኔ ልጅ፣ ለአማትሽ አልነግርም፤ ለአማትሽ አልዋሽምም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ዛሬ ስዋሽ ከያዘችኝ ነገ የምላትን እውነት አታምነኝም።»

ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። ያን ሰሞን ሚስቴ ምግብ አልበላ አላት። አናጢ በሩን ይሠራል እንጂ ማን እንደሚዘጋው አያዝበትም። የሚያስፈራኝ ልክ መሆኗ ነበር፤ ልክ ሆኖ መሸነፍ አለና።

ባለሜትሯ ግን አላረፈችም። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ፊቷ ማር ነበር። «ሲስተር፣ ልጅቷ ሁሉን ነገረችኝ። ተስማምተናል። የቱን ዓይነት እንደምትወስድ ብቻ ንገሪኝና እኔም ልርዳት።» አንቱታው ቀርቷል።

«ከነገረችዎት ምን ቀረዎት እትዬ?» አለች ሚስቴ።

በማግስቱ ደግሞ በለቅሶ መጣች። ባሌ ሞቶብኝ፣ ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ ዘሬ ሊጠፋ ነው አለች። ሚስቴ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት፣ እጇን ይዛ አብራት ተቀመጠች፣ ሲወጣላት ሸኘቻት። ስለ ልጅቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል ከዚያች ሴት አፍ የሰው ነገር እንደማይወጣ እኔ አውቃለሁ፤ ባሏ ነኝና።

አርብ ዕለት ባለሜትሯ ለአራተኛ ጊዜ መጣች። ብርቱካንም እንባም አልያዘችም። የሱቅ ልብሷን እንደለበሰች፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ጋሼ ዘበኛ «ወዴት» ሊል አፉን ሲከፍት «ዝም በል» ብላው አለፈች። እኔን አየችኝ፤ መዶሻ ይዤ ቆሜያለሁ። በሩን ገፋ አድርጋ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሚስቴን። «እኔ የምነግርሽም እዚሁ ይቀራል?»

«ይቀራል።»

«ለምራቴም?»

«ለምራትዎም፣ ለልጅዎም።»

«ለዚህ ለባልሽስ?» ወደ እኔ በአገጯ ጠቆመች።

«እሱማ መጠየቅ ከተወ ቆየ።»

ባለሜትሯ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ጥሩ ገጥሜው ነበር፤ ድምፅ አያሳልፍም። ብዙ ቆዩ። መሃል ላይ አንዴ የሁለቱ ሳቅ የተሰማኝ መሰለኝ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ አካሄዷ ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ነው። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ልማዴን ሰብሬ ሚስቴን ጠየቅኋት። «ያ መደርደሪያ አላለቀም?» አለችኝ።

ሰኞ ስብሰባው ተደረገ። ሚስቴ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተቆላልፈዋል። እኔ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ «አቤቱታ ያቀረቡት እናት እዚህ አሉ፤ እሳቸው ይናገሩ» አለ።

ባለሜትሯ ተነሳች። «አቤቱታዬን አንስቻለሁ» አለች።

አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «ምነው? በሰላም?» አሉ።

«በሰላም ነው አባባ። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁኛላችሁ። ከሱቄ ተነስቼ ቤቴ እስክደርስ የሰው ገመና ሳልጠይቅ ይነገረኛል። እዚህችም ሴት ጋ ወሬ ፍለጋ ተመላልሻለሁ። ስሸነግላት እምቢ፣ ሳለቅስባት እምቢ። ተናድጃለሁ፤ አሁንም ንዴቱ ጨርሶ አልወጣልኝም። ግን ልጆቻችን የሆዳቸውን የሚነግሩት ሰው አይጡ። ለእኛ አይነግሩን፤ እኛም ለእናቶቻችን አልነገርንም። ይልቅ አፏ እንዲህ ከሚዘጋ ሴት ጋ ቢሄዱ ይሻላል። በሩ እንዳለ ይሁን። ያገባችም ያላገባችም ብቻዋን ትምጣ።»

አንዷ ከጥግ «ታዲያ ሰርግ ላይ ያልተጠራችው አክስት እሷ ናት?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለሜትሯም ሳቀች። «እሷው ናት። ለክርስትናው እጠራታለሁ፤ መቼም ይሁን መች» አለች።

ከሁሉ በላይ እፎይ ያለው ኃላፊው ይመስለኛል። «አቤቱታ ካልቀረበ ደንብ የሚያስለውጥ ነገር የለም» ብሎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ። የሚስቴ እጆች ተላቀቁ። ዞር ብላ ፈለገችኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ እንደቆምኩ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ለወትሮው ሰው መሃል አንገቴን የምደፋ ነኝ።

ልጅቷ የነገረችኝ ደግሞ ይህን ነው። አማቷ ያን ዕለት ቤት ገብታ ስለ ጤና ጣቢያው አንድም ቃል አላነሳችም። ጫማዋን አወለቀች፣ ውሃ ጠጣች፣ ከዚያ «ፈተናሽ መቼ ነው?» አለቻት። «ከነገ ወዲያ» ስትላት «እንግዲያው ዛሬ ዕቃ አታጥቢ፤ አጥኚ» ብላ ራሷ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ልጅቷ ፈተናውን አለፈች። ዛሬ የሰፈራችንን መስመር ከሚጠግኑት አንዷ ናት፤ ምሰሶ ላይ ወጥታ ሳያት እኔ ከታች እሰጋለሁ፣ እሷ እጇን ታወዛውዝልኛለች። የሚስቴ ክፍልም አድጓል። ከሌሎች ጤና ጣቢያዎች ነርሶች እየመጡ ያያሉ፤ ሁለቱ አስጠርተውኝ የጀርባ በር ሠርቼላቸዋለሁ። በየሄድኩበት «የአክስቴ ባል» ይሉኛል። በሥራዬ ብዙ ስም ወጥቶልኛል፤ እንደዚህ የጣመኝ የለም።

ባለፈው ሰሞን መጋረጃ ልገዛ ባለሜትሯ ሱቅ ገብቼ ነበር። አንዲት ደንበኛ ጨርቅ እያገላበጠች «ለመሆኑ ምራትሽ ዝም አለች እኮ። የልጅ ልጅ መቼ ልታሳይሽ ነው?» አለቻት። ባለሜትሯ ሜትሯን ዘርግታ ጨርቁ ላይ አሳረፈች።

«የሰው ሆድ በሜትር አይለካም» አለች። «ስንት ልቁረጥልሽ?»